እስከ መከር

ካድሬው አውድማው ዳር ሲደርስ ቆመና ቡትስ ጫማውን አወለቀ። መምሬ ዓምደ ሚካኤል ይህን ሲያዩ ልባቸው ረጋ አለ። ዘንዘልማ ላይ አውድማ በጫማ አይረገጥም፤ ካድሬነት ቢውጠውም የገበሬ ልጅነቱ አልጠፋም ብለው አሰቡ። መንሹን ከእጃቸው ተቀበለና ከጣና የሚመጣውን ነፋስ ጠብቆ የተወቃውን ስንዴ ወደ ላይ በተነው። ፍሬው እግሩ ሥር ወረደ፤ ገለባው ከጀርባቸው ወዳለው የጭድ ክምር ነጎደ።

«እሑድ ያስተማሩትን ሰማሁ መምሬ» አለ እያዘራ። «እንክርዳዱን አትንቀሉት፣ ከስንዴው ጋር ይደግ ብለው አቆሙ። ለምን አቆሙ?»

«ረፍዶብኝ ነው ልጄ።»

«ወንጌሉ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። እኔም ቄስ ትምህርት ቤት ውያለሁ። ይደግ የሚለው እስከ መከር ነው። መከር ሲደርስ እንክርዳዱ ተለቅሞ ይታሰራል፤ ከዚያ ይቃጠላል።»

ከባሕር ዳር አፈሳ ያመለጠው የመምሬ ልጅ ከጭዱ ክምር ውስጥ ተደብቆ ነበር። ዓይናቸው ወደዚያ እንዳይሄድባቸው ሐይቁን ሐይቁን ማየት ያዙ።

ካድሬው መንሹን በሁለት እጁ መለሰላቸው። ቁጭ ብሎ ጫማውን አጠለቀ፤ ክሩንም ሳይቸኩል አሰረ። ከዚያ ከኪሱ ክብሪት አወጣና ነቀነቀው።

«ይሄን ጭድ መቼ ነው የምታቃጥሉት?»

በዚህ አገር ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ ማንም አያቃጥለውም። ይህን የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም።