የልጆች መጫወቻ

«ይህ ኮምፒውተር አይፈቀድም፤ ዊንዶውስ ይጠቀሙ» አላት የርቀት ትምህርቱ የፈተና ገጽ። ተማሪዋ ነርስ፣ ባሏ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት ጭኖ ነፍስ የዘራበትን አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፋ ወደ ኮሌጁ ደወለች።

«ሊኑክስ?» አለ ቴክኒሻኑ እያላመጠ። «እሱ እኮ የልጆች መጫወቻ ነው እህቴ። ከሰው ደህና ኮምፒውተር ተዋሺ።»

«ፈተናው ተጀምሯል እኮ!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ?» ጣቱን ሲልስ ተሰማት።

ስልኩን ቁስል እንደነካ ጓንት በሁለት ጣቷ ከጆሮዋ አራቀችና ገጹን ደግማ ከፈተች። ጭራሽ ነጭ ሆኖ የስሕተት መልእክት ብቻ ወጣበት፤ ፈተናውን የሚያቀርበው የኮሌጁ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ራሱ፣ ወድቆ ነበር። ከመልእክቱ ግርጌ፣ ሰርቨሩ በምን እንደሚሠራ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ በሊኑክስ።

«ወንድሜ፣» አለችው፣ «ያፍህን ዋጥ አድርግና ስማኝ። የእናንተም መጫወቻ ተሰብሯል።»