ኤልኮ የወሰደው ክር

ጠሽ... ጠሽ...

ሩርድ ድምፁን እንደሰማ ፕላስቲክ አቅልጦ ክር የሚያወጣውን ማሽን አጠፋው።

ፕላስቲኩ እርጥበት ጠጥቷል።

ጥፋቱ የራሱ ነበር። የተፈጩትን የውሃ ጠርሙሶች ፖም ማድረቂያው ውስጥ ሲያደርቅ አርፍዶ፣ በትኩሱ ማሽኑ ውስጥ መገልበጥ ሲገባው፣ ትንሽ ይብረድ ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ምሳውን ሊበላ ገባ።

በሆላንዷ ፍሪስላንድ ጭጋግ፣ ያውም ቦይ ዳር... ክፍት የተተወ ፕላስቲክ የአየሩን እርጥበት ምጥጥ ነው የሚያደርገው።

የወጣው፣ በስሪዲ ፕሪንተር ዕቃ የሚታተምበት ክር ለዓይን ያምራል። ጉዱ የሚታወቀው ክብደት ሲያርፍበት ነው።

ቀጭ ይላል።

ሊጥለው ጥግ ላይ እንዳስቀመጠው በሩ ተንኳኳ።

ኤልኮ ነው... የድሮ አለቃው።

ያኔ ፋብሪካቸው የሠራቸው የልጆች የፕላስቲክ ወንበሮች ተሰባብረው ሕፃናት ሲጎዱ፣ "ሩርድ ጥሬ ዕቃውን ሳያደርቅ ለቀቀው" ያለው ይሄ ሰውዬ ነው።

ውሸት ነበር። ሩርድ ማድረቂያው ተበላሽቷል ብሎ ደጋግሞ ተናግሯል። ሥራው ይቀጥል ብሎ ያዘዘው ራሱ ኤልኮ ነው።

ሩርድ ተባሮ ዲግሪውን ታቅፎ ቤቱ ቀረ። ኤልኮ በክብር ጡረታ ወጣ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በመንደሩ አዳራሽ የሰው ዕቃ በነፃ ይጠግናል። የሚያትምበት ክር አልቆበት፣ የሩርድን ክር ሰው ሁሉ ሲያወድስ ሰምቶ ነው የመጣው።

"ደረቅ ነው አይደል?" አለ።

"አንተ ደግሞ ስለ መድረቅ መጨነቅ የጀመርከው መቼ ነው?"



ሩርድ ጥግ ላይ ያለውን ጥቅል አነሳ።

"ደረቅ ነው። ውሰደው።"

ለምን እንደፈለገው አልጠየቀም። ይሰበርበትና በሰው ፊት ይዋረድ... ያሰበው ይህን ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ዳቦ ቤት ተሰልፎ ወሬ ሰማ። ኒንከ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። እየገፋች የምትደገፍበት ባለጎማ ምርኩዝ እጀታው ተገንጥሎባት ነው። እጀታውን የሠራላት ኤልኮ ነው።

ኒንከ...

ያኔ ሩርድ ሲወነጀል ሠራተኛው ሁሉ አቀርቅሮ፣ ብቻዋን ተነስታ የተሟገተችለት ሴት። በዚያው ጦስ አብራው የተባረረች።

ብስክሌቱን እያከነፈ ሆስፒታል ደረሰ። ሁሉንም ሊነግራት ነበር።

"ና ተቀመጥ ሩርድዬ" አለችው። "ምነው እንዲህ ገረጣህ? የታመምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ኤልኮ ሊጠይቃት መጥቶ እንደነበር አወራችው። እጀታውን ሲያትም ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰምቶ ነበር፤ ግን የሩርድ ክር ነው ብሎ አምኖ ቀጠለ። አሁን ክሩ እርጥብ ሳይሆን አይቀርም እያለ ነው።

"ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? አሁንም በሱ ልታላክክ ነው ወይ አልኩት። ሩርድ እርጥብ ፕላስቲክ ለሰው አይሰጥም አልኩት።"

ሩርድ አፉን ከፈተ...

ብርድ ልብሷን አስተካከለላት።

እጁን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።

ወዳጆቼ...

በሐሰት የተወነጀለ ሰው ውስጡ እንዴት እንደሚቃጠል የደረሰበት ያውቀዋል። ቂሙም አይገርምም። ግን ሩርድ ዕድሜውን ሙሉ "አላደረግኩትም" ያለውን ነገር፣ በመጨረሻ አደረገው። በደል እንዲህ ነው... ካልተጠነቀቅን የበደለንን ሰው አድርጎ ይሠራናል።

እናንተ በሩርድ ቦታ ብትሆኑ፣ ኒንከ ስትነቃ እውነቱን ትነግሯታላችሁ? ወይስ ከሰው ሁሉ መሃል ያመነቻችሁን አንዲት ሰው ላለማጣት ዝም ትላላችሁ?

እውነቱን ጻፉልኝ... 👇