በግልምጫ የታዘዘችው ቀስት

ከዚህ ወሬ ውስጥ አንዲት ውሸት ካገኛችሁ ጢሜን በወረንጦ ንቀሉት! የጅማዋ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ይመኙሻል፣ ለአባታችን ሙት ዓመት የምታሳትማቸውን ፎቶዎች ከኮምፒውተሯ ላይ አጥፍታ ደወለችልኝ፤ «እኔ ጋ የሉም» አልኳት። ለቅሶዋ ያለ ስልክም አዲስ አበባ ድረስ ይሰማል! ቤቴ ቁጭ ብዬ እሷ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባኝ ፕሮግራም ፍለጋ ጀመርኩ። በዓለም ላይ ያለውን ሁሉ ሞከርኩ፤ አንዱ መሀል ላይ ይቋረጣል፣ አንዱ ክፈል ይላል፣ ሌላው የይለፍ ቃል እየጠየቀ ያዞረኛል። ጨጓራዬ ተላጠ! የመጨረሻው ግን ቁጥር ሰጠኝ፤ በስልክ አነበብኩላት። ወዲያው የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ መሮጥ ጀመረች። ማውሱን እንኳ ሳልነካ፣ በግልምጫ ብቻ እያዘዝኳት ፎቶዎቹን አንድ ሳይቀር ጎልጉላ አወጣች! እትዬም «ተባረክ» አለችኝ።

ይህን ለእንግዶቻችን ስተርክ ባለቤቴ ሳህን እያነሳች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለእትዬ ያነበብክላቸው ቁጥር እኮ የእኛን ኮምፒውተር የሚከፍት ነበር» አለች። «ቀስቱን ያንቀሳቀሱት እትዬ ናቸው። ‹እኔ ጋ የሉም› ያልካቸውን ፎቶዎች ያገኙት ከእኛው ውስጥ ነው።»