መስኮቱን ክፈቱት!

«አንቺ ልጅ… ፊቷን ግለጪላት! ከብርዱ በፊት መታፈኑ ይገድላታል!»

ሥራነሽ ይህን ስትባል የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ እየሄደች ነበር…

የታኅሣሥ ውርጭ ሜዳውን አመድ አስመስሎታል።

ልጇ ዜማ ክርስትና ከተነሳች ሳምንቷ ነው። አማቷ ሹራብ በሹራብ ደርበው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ ፊቷንም ሸፍነው ነው የሸኟት። «ብርድም ዓይንም እንዳያገኛት» ብለው…

የመኪናው መስኮት ሁሉ ድርግም ብሎ ተዘግቷል።

የተቆጧት ከጎኗ የተቀመጡ፣ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ናቸው።

ሥራነሽ ልጇን እቅፍ አደረገች።

«እንዳታሳዪያቸው እህቴ! ዓይናቸው አላማረኝም» አለች አንዷ ከኋላ።

አሮጊቷ እጃቸውን ሰደው ጋቢውን ገለጡት!

መኪናው ተንጫጫ…

ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

የዜማ ፊት በርበሬ መስሏል። ላብ አጥምቋታል። አንገቷ ዝልፍልፍ ብሏል… አታለቅስም።

«መስኮቱን ክፈቱት!»

«እማማ፣ ንፋስ ይመታናል እኮ!» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ይምታህ! አንተ አድገሃል!»

ረዳቱ ከፈተው። አሮጊቷ ሹራቡን እየገፈፉ «ጥሪያት እንጂ!» አሉ።

«ዜማ… ዜማዬ…»

ትንሽ ቆይታ… ዜማ ጮኸች!

ሾፌሩ ሳይቀር «ተመስገን!» አለ።

«ስሚኝ ልጄ፤ ራሷና እግሯ ይሙቀው፣ አፍንጫዋ አየር ያግኝ። ማጅራቷን ዳሰስ እያደረግሽ፣ ካላባት ቀንሺላት።»

አጎንብሰው የሕፃኗን እግር ሲያስተካክሉ ቆዩና መንገድ ላይ ወረዱ።

ሥራነሽ ድንጋጤው ስላልለቀቃት «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ አላለችም።

ረዳቱ በሩን ዘግቶ «እማማ ጤናዬ ናቸው… የበኩር ልጃቸው እንዲሁ በጋቢ ውስጥ ታፍና ነው የሞተችባቸው» አለ።

ያቺ ዓይናቸውን የጠረጠረች ሴት አንገቷን ደፋች።

ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ደርሳ ጋቢውን ስትፈታ… የዜማ እግር በጥቁር ሻሽ ተጠቅልሏል።

እማማ ጤናዬ በዚያ ውርጭ ሻሻቸውን ፈተው ትተውላት ነው የወረዱት!

ዜማ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች።

ሥራነሽ ደግሞ በቀደም ሚኒባስ ውስጥ ፊቱ የተሸፈነ ሕፃን አየች። ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ግን ብድግ ብላ መስኮቱን ከፈተች… እናትየዋን «ፊቱን እንግለጥለት እህቴ» አለቻት… ከዚያም የራሷን ሻሽ ፈታ የልጁን እግር ጠቀለለችበት።

ወገኖቼ… ልጅ ይለበሳል እንጂ አይታፈንም። የሚቆጣን ሁሉ ጠላት አይደለም።

እናንተስ… ተቆጥቶ ያተረፋችሁ፣ ሳታመሰግኑት የወረደ ሰው አለ? ስሙን ከታች ጻፉለት…