ያልተጠረገው ሳሎን

ኮረብታው ላይ እነዚያ ሕንፃዎች ከተገተሩ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ የትርንጎን ግቢ እየቦረቦረ ሳሎኗ ድረስ ይገባል። አዲሱ ሕግ ደግሞ ይዞታ የሚለካው በቀረው አፈር ነው ይላል። ጎርፍ ይዞት የሄደው አፈር ከካርታዋ ተቀንሶ ለሕንፃዎቹ ይሰጣል፤ ቤት ውስጥ የቀረው ግን ይቆጠርላታል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ መጥረጊያ አላነሳችም። የሕንፃዎቹ ሽንት ቤት የተቀላቀለበትን ጥቁር ጭቃ ሶፋው ሥር፣ ብፌው ሥር ከምራ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ትኖራለች።

ዓርብ ማታ ታናሽ እህቷ ይርገዱ ከጅማ መጣች። ሕጉ እነሱ ጋ ገና አልደረሰም። ሽታው አንገሸገሻት፤ ትርንጎም አፍራ ምክንያቱን ሳትነግራት ተኙ።

በማግስቱ ትርንጎ መሬት ለኪውን ከቀበሌ ይዛ ስትመለስ ወለሉ ያብረቀርቃል። ይርገዱ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ በር ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ እንዴት ብለሽ ነው በዚህ ውስጥ የምትኖሪው? አሥራ ዘጠኝ ባልዲ ሙሉ ቱቦ ውስጥ ደፋሁልሽ» አለች በኩራት።

ለኪው ንጽሕናውን አይቶ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። መሣሪያውን ወለሉ ላይ ተክሎ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ በሶፋውና በብፌው መካከል ቀይ መስመር አሰመረ።

«ከዚህ ወዲያ ያለው የሕንፃዎቹ ነው፣ እናቴ። ብፌውን ያነሡልኛል?»

ትርንጎ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች። ይርገዱ ወለሉን ያጠበችበት በረኪና ሸተታት። ክረምቱን ሙሉ ያን ቆሻሻ የቻለችው ሴት ያኔ መስመሩን ተሻግራ አስመለሰች።