ከደረጃው ላይ የተጠራ ስም

ኦዴል ፕሩዊት የጠራው ሰው አልሰማሁም ማለት አይችልም። በዚያች ትንሽ የኬንታኪ ከተማ ፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ነው፤ ድምፁ አደባባዩን ተሻግሮ ቨርጂል ፀጉር ቤት ድረስ ይገባል። ቨርጂል እንደውም ኦዴል ሲጣራ ምላጩን አንስቶ ይጠብቃል፤ የደንበኛ ጆሮ እንዳይቆርጥ።

የፍርድ ቤቱ ወግ የቆየ ነው። ባለጉዳይ ሲቀር ችሎት አስከባሪው ደረጃው ላይ ቆሞ ስሙን ሦስት ጊዜ ይጠራል። የተጠራው «አቤት» ብሎ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ በሌለበት ይፈረድበታል።

የዛሬው ስም ክሊፍተን ሬይ ባስኮም ነበር፤ የኦዴል ሚስት የትዊላ የቀድሞ ባል። ልጃቸው ዴልያ ገና ሳትድህ ወጥቶ የቀረ ሰው ነው። በጋዜጣ ተጠርቶም ድምፁ አልተሰማም። ዛሬም ከቀረ ዳኛዋ የአባትነት መብቱን ሰርዘው ዴልያን በጉዲፈቻ ለኦዴል ይሰጣሉ። መጥቶ «ልጄን አልሰጥም» ካለ ግን ሁሉም ነገር ውሃ በላው።

ኦዴል «ሌላ ሰው ይጥራልኝ» ብሎ ዳኛ ሃስኬልን ለምኖ ነበር።

«አይሆንም» አሉት። «ሌላ ሰው ከጠራው ነገ አልሰማሁም ብሎ ይመጣል። አንተ ከጠራኸው ግን ምን ማመካኛ አለው?»

ዴልያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቁርስ ላይ በግራ እጇ የያዘችውን ማንኪያ እየወዘወዘች «አባዬ የምልህ የዳኛዋ መዶሻ ሲመታ ነው» አለችው። «እስከዚያ ኦዴል ነህ።»

«አሁን አንዴ ብትሞክሪውስ? ለልምምድ።»

«አይቻልም። ሕግ ነው።»

ትዊላ ሳቀች። ከዚያ በመስኮት አየችና ሳቋ ተቋረጠ። የሌላ ግዛት ሰሌዳ የለጠፈ ቀይ ፒክአፕ ቤቱን ቤቱን እያየ በዝግታ አለፈ።

«ክሊፍተን ቀይ መኪና ነፍሱ ነበር» አለች።

ኦዴል ሊላጭ ሲወጣ ያው ፒክአፕ ፍርድ ቤቱ ደጅ ቆሟል። ሹፌሩ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ ተቀምጧል። ኦዴል እግሩን አፍጥኖ ቨርጂል ዘንድ ገባ።

ቨርጂል አንድ ሸበቶ መንገደኛ እያስተካከለ ነበር። ወለሉ ላይ የወደቀው ፀጉር ትራስ ይሞላል፤ ፂሙ ደግሞ ገና አልተነካም።

«ሰው ፊት ልቀርብ ነው» አለ መንገደኛው እንደማፈር ብሎ። «እንዲህ ሆኜማ አይሆንም።»

«ይሄኛውም ይቀርባል» አለ ቨርጂል። «ዛሬ አባት ሊሆን ነው!» አፉ ስለማያርፍ የኦዴልን ጉዳይ ከነስሙ፣ ከነሰዓቱ ዘረገፈው።

መንገደኛው በመስታወቱ ውስጥ ኦዴልን አየው። «ልጅቷ እንዴት ያለች ናት?»

የኦዴል ፊት በራ። «አፏን አታሳርፍም! መንጠቆ ከእኔ አስበልጣ ታስራለች። ነጎድጓድ ሲጮህ ብቻ ሮጣ መሃላችን ትገባና ‹እናንተ እንዳትፈሩ ብዬ ነው የመጣሁት› ትለናለች።»

ሦስቱም ሳቁ። መንገደኛው ሳቁን ቶሎ አልጨረሰም።

«እውነቱን ልንገራችሁ?» አለ ኦዴል። «ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ቀስ አድርጌ ልጠራው አስቤያለሁ።»

«ተው፣ ወንድሜ» አለ መንገደኛው። «በሙሉ ድምፅህ ጥራው። ሰርቀህ ካገኘሃት፣ አባዬ ባለችህ ቁጥር ያምሃል።»

ኦዴል አንገቱን ደፋ። መንገደኛው ቅድሚያ ስለሰጠው ተላጭቶ ሲነሳ ከረባቱ አልታሰር አለው። መንገደኛው ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተነሳና በግራ እጁ ቀለል አድርጎ አሰረለት። ቋጠሮው ከተለመደው በተቃራኒ ዞረ።

«እኔ ሳስር እንዲህ ነው የሚሆነው» አለ። «ግን አይፈታም።»

ሰዓቱ ደረሰ። ኦዴል ደረጃው ላይ ቆሞ አየር ሳበ።

«ክሊፍተን ሬይ ባስኮም!»

ርግቦቹ ከጣሪያው ተነስተው በረሩ። ሁለተኛውን ሲጠራ የፒክአፑ በር ተከፈተ። ባለባርኔጣው ወርዶ ወደ ደረጃው መጣ። ኦዴል ሦስተኛውን ሊውጠው ፈለገ፤ የመንገደኛው ቃል ትዝ አለው። ዓይኑን ጨፍኖ በሙሉ ድምፁ ለቀቀው።

ዓይኑን ሲገልጥ ባለባርኔጣው ጆሮውን ይዞ ፊቱ ቆሟል።

«ምነው ጌታዬ፣ ደንቆሮ አይደለሁም! ፊኛ ነው ያመጣሁት። ከጠዋት ጀምሮ አድራሻው ጠፍቶኝ ከተማውን ስዞር ቆይቼ እዚሁ ደጃችሁ እንቅልፍ ጣለኝ። ያዘዙኝ ዳኛ ሃስኬል የሚባሉ የት ናቸው?»

ኦዴል አቀፈው። ሰውዬው ግራ ገባው፤ ግን እሱም አቀፈ።

ችሎቱ ብዙ አልፈጀም። የተጠራው አልቀረበም። ዳኛዋ መብቱን ሰርዘው መዶሻውን ለዴልያ ሰጧት፤ እሷም በግራ እጇ ጠረጴዛው እስኪዘል መታችው።

«አባዬ» አለች። «አሁን ሕግ ነው።»

ኦዴል ከነመዶሻዋ አቅፎ አነሳት። ትዊላ አለቀሰች፤ ዳኛዋም መነጽራቸውን የሚጠርጉ መሰሉ።

በኋላ ደረጃው ላይ ኬክ ሲቆረስ ቨርጂል አደባባዩን አቋርጦ መጣ። ለወትሮው ከሩቅ መለፍለፍ የሚጀምረው ሰው አጠገባቸው እስኪደርስ አንድ ቃል አልወጣውም።

«ቨርጂል! ይቺን ለመንገደኛው አድርስልኝ» አለ ኦዴል፣ ትልቁን ቁራሽ እያነሳ። «ሰው ፊት የሚቀርበውስ ቀረበ?»

«አልቀረበም። ግማሽ ፊቱን ሳይላጭ ወጥቶ ሄደ» አለ ቨርጂል። «አንተ በጠራህ ቁጥር ግን የወንበሬን እጀታ ጨምድዶ፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ‹አቤት› ይል ነበር።»