የታጠቡ ብልቃጦች

ባለቅባቷ ሦስተኛውንም ማዳበሪያ ከረጢት ወለሉ ላይ ትዘረግፈዋለች። ብልቃጦቹ እየተጋጩ እስከ በሩ ይንከባለላሉ። ተንበርክካ አንዱን ታነሣለች፣ ወደ መስኮቱ አቅንታ ታየዋለች፣ ትጥለዋለች። ንጹሕ ነው። ያኛውም ንጹሕ። ሁሉም እንደ ምንጭ ውኃ ጠርተዋል፤ ቁራጭ ወረቀት የለባቸውም።

«እኔን ምን አርጊ ነው የምትይኝ?» ትላለች ታናሽ እህቷ ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ። «እጠቢ አልሽ፣ አጠብኩ። ጥፍር የምታህል ወረቀት ቀርታ ስታገኚ ቤቱን በጩኸት ታፈርሺው አልነበር?»

«አፍሽን ያዢና ፈልጊ።»

«ጥሩ አጣቢ መሆንም ወንጀል ሆነ እንግዲህ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ቀጣዩን ብልቃጥ ታነሣለች።

ጠበቃዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። ገና ወጣት ናት፤ የባለቅባቷ ልጅ ጓደኛ። «ዘጠኝ ተኩል ሆነ፣ እትዬ። የምዝገባ ቢሮው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል። ዛሬ ተቃውሞ ካላስገባን የንግድ ምልክቱ በእሳቸው ስም ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ የእጅ ሥዕሉ ያለበትን ቅባት ቢሸጡ፣ ሌባ የሚባሉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ሌባ?»

«በሕግ እንደዚያ ነው።»

እሳቸው የተባለው ዋርሳዋ ነው፣ የሟች ባሏ ወንድም። እሷ የተሰነጠቀ እጅ የሚያድነውን ቅባት ስታፈላ፣ ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ከማተሚያ ቤት የሚያመጣላት እሱ ነበር። ሥዕሉ የተዘረጋ እጅ ነው። የእሷው እጅ፤ ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ የከበበችው። የዛሬ ሁለት ዓመት ተጣሉ፤ ከዚያ ወዲህ የምታሳትመው ልጇ ናት። አሁን ዋርሳዋ «ይህ እጅ ከአሥራ ስምንት ዓመት ጀምሮ የኔ ምልክት ነው» ብሎ አመልክቷል። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ከወጣ ሰንብቷል፤ ልጇ ያየችው ግን ትናንት ነው።

ጠበቃዋ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጠቡ በፊት የተለጠፈ አሮጌ ወረቀት።

አሮጌ ወረቀት ከየት ይምጣ? ደንበኛ ባዶውን ብልቃጥ ሲመልስ በቅናሽ ትሞላለታለች፤ የድሮው በፈላ ውኃ ተፍቆ አዲስ ይለጠፍበታል። ቆሻሻ ብልቃጥ ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። በዚህ ስትኮራ ኖረች! ለካስ ማስረጃዋን በገዛ ሳሙናዋ እያጠበች ወደ ቱቦ ስትለቀው ነው የከረመችው።

«ምስክር አይበቃም? ሰፈሩ ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል።»

«ሰፈሩ ያውቃል፣ እትዬ። መዝገቡ አያውቅም።»

ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች፤ ነገ ሊወጣ የተዘጋጀ ዕቃ፣ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ያያታል። የራሷ እጅ ነው፤ ግን ዛሬ ቁሚ የሚላት ይመስላል።

በሩ ተንኳኳ። ሦስቱም ደነገጡ። የገባው ጎረቤቷ ነው፣ ሽማግሌው ግንበኛ፤ ሲሚንቶ እጁን የበላው።

«አሮጌ ብልቃጥ ጠፋባት ሲሉ ሰምቼ ነው» አለና ከኮቱ ኪስ አንድ አወጣ። «የመጀመሪያ ጊዜ የገዛሁት። ሳልመልስልሽ ምስማር አጠራቀምኩበት። ሌብነቴን ይቅር በይኝ።»

«ጋሼ! እርስዎ ይስረቁኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው!»

ምስማሩን ወለሉ ላይ ደፋችው። ወረቀቱ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል፤ እጁ ግን አለ። አምስቱም ጣት። እህቷ እልልታዋን ለቀቀችው። ጠበቃዋ ብልቃጡን ተቀብላ አዟዟረችው። ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እትዬ፣ ከታች ያለውን አንብበውት ያውቃሉ?»

«የቱን? ጥቃቅኑን? እሱማ የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ነው። ዋርሳዬ ነግሮኛል።» እሷ የምታነበው ትልልቁን ፊደል ነው። ይህን የጉንዳን ሰልፍ ማን ያነበዋል?

ጠበቃዋ ጮክ ብላ አነበበችው። የዋርሳዋን ስም ጠራች፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ቀጥላም፣ «ሥዕሉም ምልክቱም የእሱ ንብረት ነው፤ ያለ ፈቃዱ መጠቀም ክልክል ነው፣ ይላል። ዓመተ ምሕረቱም አለ። ልክ አሥራ ስምንት ዓመት።»

እልልታው ተቋረጠ።

«ምነው?» አለ ግንበኛው አንዷን ካንዷ እያየ። «ደግ አላደረግኩም?»

ባለቅባቷ የዋርሳዋ ሌብነት ከጠቡ ወዲህ የመጣ መስሏት ነበር። ይህ ወረቀት ሲታተም ባሏ ታሞ አልጋ ላይ ነበር። ዋርሳዋ በየማታው እየመጣ፣ ከትሪዋ እየቆረሰ፣ «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁልሽ» ይላት ነበር። ያኔውኑ፣ ገና ከመጀመሪያው ወረቀት።

«ይህን ብናስገባ እሳቸውን ነው የሚረዳው» አለች ጠበቃዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሌላ ከሌለ ግን በባዶ እጅ ነው የምንሄደው።»

«አምጪው።»

ብልቃጡን ተቀበለች። ስንት ሺህ ወረቀት ለጥፋለች! ሙጫውን ትቀባለች፣ ከመሐል ወደ ዳር ትጠርገዋለች፣ በመጨረሻ እንዳይላቀቅ የታችኛውን ጠርዝ ትጫነዋለች፤ አሥር ትቆጥራለች፣ ከዚያ ሌላውን ታነሣለች።

አሁንም አውራ ጣቷ ሳታዝዘው ወደዚያው ሄደ። ጥቃቅኑ ጽሑፍ ላይ አረፈ፤ ዓመታት ሙሉ ሳታነበው ስትጫነው የኖረችውን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ሸፈነው። በልኩ።